የሐጂ ጅብሪል መሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁለት ባጃጅ፣ አንድ የጫት መኪና። ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን... ከሰዓት ነርሷ ሹክሪያ የአባቷን የሐጂ ጅብሪልን መኪና ይዛ መጣች። የድሮ የጀርመን፣ ጥቁር፣ ወንበሩ ቆዳ። በዕድሜ ይበልጠኛል። እንዴት ያምራል!

«ቡርሃን፣ ለገዢ እንዲሆን አሰማምርልኝ» አለች። ቁልፉን ነጥቃቸዋለች። ሂርና መንገድ አንድ ኩርባ ላይ መሪውን ሳይመልሱ ገደል ሊገቡ ነበር አለችኝ። «እጃቸው ደክሟል።»

ሐጂ ጅብሪል ከኋላዋ ቆመው ሰሙ። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ። አንጀቴን በሉት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ራሴ ነዳሁት። ዞሬ መሪውን ለቀቅ ሳደርገው... በራሱ መመለስ ሲገባው እንደዞረ ቀረ! የእኔም እጅ ደከመ እንዴ?

ሐጂን ጠየቅኳቸው። መሪው ሲዋልልባቸው የጫት መኪና የሚሠራ ጋራዥ ወስደው አስጠብቀውታል። ገባኝ። የጫት ሹፌር ጥብቅ መሪ ነው የሚወደው፤ እዚህ መሪ ላላ ከተባለ ሁሉም የሚሮጠው የመሪውን ሳጥን ብሎን ሊያጠብቅ ነው። ይሄኛው ግን ከታነቀ አይመለስም። የላላው ሌላ ቦታ ነው። የት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

በክሪክ አንስቼ ፈተሽኩ። ሁሉም ደህና። ተናደድኩ!

ከዚያ አወረድኩት፤ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ ሥሩ ገባሁ። ሐጂን መሪው ላይ አስቀመጥኳቸው። «ትንሽ ወደ ግራ... ወደ ቀኝ...» እጄን በየመገጣጠሚያው አሳረፍኩ። ከሳጥኑ ማዶ ያለው ክንድ ነቅነቅ አለ። አገኘሁህ! ቦኮላው፣ ክንዱ የሚዞርበት ቀለበት፣ አልቋል።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እጄ ነው?» አሉ ከላይ።

«እጅዎ ምንም አልሆነ ሐጂ። መኪናው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ቶርኖ ቤት ቦኮላውን ከነሐስ አስቀረጽኩ። ገጠምኩ። የሳጥኑንም ብሎን ወደ ልኩ አላላሁት። እንደ አዲስ!

ሹክሪያን አስጠርቼ ራሷን አስነዳኋት። ሜዳው ላይ አዙራ እጇን ላላ ስታደርግ መሪው ብቻውን ተመለሰ።

«እና ያን ቀን አባባ...»

ቁልፉን ልትመልስላቸው ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሂርና ደርሰን መጣን። ሐጂ ነዱ፣ እኔ ከኋላ፣ ሹክሪያ ከአዳር ሥራ ወጥታ አጠገባቸው። መጀመሪያ የበሩን እጀታ ጨብጣ ነበር። ያ ኩርባ ላይ ስንደርስ እንዳትጮህ ብዬ አየኋት... እንቅልፍ ወስዷታል።