ሁለት ጠበቃ በአንድ ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬ አንዱ ተማሪዬ ፍሬንና ነዳጅ ተምታቶበት የሰው አጥር ልንገባ ነበር። በእኔ በኩል ያለው ፍሬን ባይኖር ይሄን አልጽፍም። መንዳት ማስተማር እንዲህ ነው... መሪው በሰው እጅ፣ ነፍስህ በራስህ እግር።

ቤት ስመጣ ገና ደረጃው ላይ ድምፃቸው ይሰማል። እማዬና ባለቤቴ። ርዕሱ ያው ነው፤ ፅንስ ማቋረጥን ሊከለክል የመጣው ረቂቅ ሕግ። እስካሁን በመጀመሪያዎቹ ወራት የተፈቀደ ነው። ባለቤቴ ጠበቃ ናት፤ ረቂቁን ከሚቃወሙት ዋናዋ። እማዬ የጸሎት ቡድን መሪ ናት፤ ረቂቁ እንዲጸድቅ ከቤት ቤት ትዞራለች። ሁለቱም የሚያድሩት እኔ ቤት። እንዲህ ያለ ዕጣ ሌላ ሰው ላይ ወጥቶ ያውቅ ይሆን?

«ነፍስ የሚሰጥም የሚወስድም እሱ ነው። እኛ ማን ነን?» እማዬ።

«እማማ፣ ስለተከለከለ እኮ አይቀርም። ጓዳ ነው የሚገባው። ያኔ ሁለት ነፍስ ነው የምንቀብረው።» ባለቤቴ።

«ጠበቃ አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔም ጠበቃ ነኝ፤ አፍ ለሌለው።»

«እንግዲያው የጥብቅና ፈቃድ ያውጡ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ «ሾርባው ጨው አንሶታል» አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ታናሽ እህቴን፣ ሚጢጢን፣ ከሥራ ስትወጣ በነፃ መንዳት አስተምራታለሁ። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ የምትኖረውም ከእኛው ጋር። ዛሬ ፍሬቻ ሳታሳይ ዳር ያዘች። በሩን ከፍታ አስመለሳት።

«አነዳድሽ ለራስሽም አልተስማማሽም» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

«ጋሼ... እርጉዝ ነኝ።»

ሞተሩ ጠፍቷል፤ እኔ ግን የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ሰውዬውስ? ስትነግረው ስልክ ቁጥሩን ቀየረ። የእሱ ነገር አለቀ።

«ለእማዬ ብነግራት ሳልጨርስ ውለጂ ትለኛለች። እትዬ አትፈርድብኝም፣ አውቃለሁ... ግን እኔን እያየች ረቂቁ ነው የሚታያት። ማታ ማታ ስለ እኔ እየተከራከሩ ዳቦ ያቀብሉኛል።»

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አለቀሰች። ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። «አላውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም እኮ።»

እሁድ፣ ጥቅምት 10
ምላሴን እየበላኝ ነው። ግን ለማንም ላልነግር ለሚጢጢ ቃል ገብቻለሁ። ዝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ፈነዳ! እራት ላይ። እማዬ «ያቺ ሴት እግዜርን ብትፈራ» ትላለች፣ ባለቤቴ «ያቺ ሴት መብት አላት» ትላለች። ሚጢጢ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ።»

እማዬ ትጮሃለች፣ ባለቤቴ አንቀጽ ትጠቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እማዬ ተነስታ ትኩሳት ያለባት ይመስል ግንባሯን ዳሰሰቻት። «ምግብ አልረጋልሽ ያለው ለዚህ ነው?» ባለቤቴ ደግሞ «ሐኪም አይቶሻል?» አለች። ወዲያው ሁለቱም እኩል ማውራት ጀመሩ። ሚጢጢ ሕፃናቱን ዝም እንደምታሰኛቸው «ጣት አፍ ላይ!» ብላ ጮኸች።

ጸጥ። እማዬ ጭራሽ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«ላስብበት ነው። ሳስብ ማንም አይገፋኝም። ስብከቱም ሕጉም ከክፍሌ በር ውጪ።»

እሺ አሉ። ከሞላ ጎደል... እማዬ አሁን ወጥ ቤት ሆና «ስም ሳልጠራ» እያለች ትጸልያለች። ግድግዳው ስስ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
መብራት ይዞን ቆመናል። «ልወልደው ነው» አለች ሚጢጢ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ምን አስወሰነሽ አልኳት። ከባለቤቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። «ሐኪሟ ሁለቱንም መንገድ በደንብ አስረዳችኝ። ወዴትም አልገፋችኝም። መውጫ በር እንዳለ ሳይ ነው መቆየት እንደምፈልግ የገባኝ። ለሌላዋ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እፈልገዋለሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከኋላ ጡሩምባ ያስጮሁብናል። ጩኹ!

እማዬ ስትሰማ በጉልበቷ ተንበረከከች። «ተመስገን! አየሽ አይደል? ሕይወትን መረጠች!»

«መረጠች አሉ!» ባለቤቴ ብድግ አለች። «እማማ፣ ከራስዎ አፍ ነው የወጣው! መረጠች!»

ሁለቱም አሸነፍን ብለው ቁጭ። ሚጢጢ ግን «እኔ የማንም ምስክር አይደለሁም፤ ምክር ቤት ሄዳችሁ ስሜን ብታነሱ ወዮላችሁ» አለች።

ኋላ እማዬን ለብቻዋ ጠየቅኳት። ሌላውን ብትመርጥስ ኖሮ? «እሟገታት ነበር። ኃጢአት ነው፣ ኃጢአት ነው ነበር የምላት። አለቅስም ነበር... ከዚያ ሾርባ ሠርቼ ክፍሏ እገባለሁ። ልጄ አይደለችም እንዴ?»

ባለቤቴ ደግሞ አልጋ ላይ ሆና፦ «እወልደዋለሁ ስትል አለቀስኩ እኮ። ደስ ብሎኝ። ምን ነክቶኝ ነው? አቋሜ አልተለወጠም!» አታልቅሺ የሚል አንቀጽ ካለ አሳዪኝ አልኳት። በትራስ መታችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23
የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሚጢጢን «እስክትወልጂ ቤት ቁጭ በይ፣ ወላጆች ያለ ባል ያረገዘች አስተማሪ አይወዱም» ብሏታል። ያለ ደመወዝ። ይሄ ሰውዬ የእማዬ ጸሎት ቡድን ውስጥ ነው፤ የፊት ወንበር።

መኪናዬን ሳስነሳ እማዬ በአንዱ በር፣ ባለቤቴ በሌላው ገቡ። አልተማከሩም። ቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድን።

«ባለፈው እሁድ እያንዳንዱ ሕይወት ክቡር ነው ስል ቆሞ ያጨበጨበው ማነው?» አለችው እማዬ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«እማማ፣ እሱ እኮ ሌላ ነገር...» አለ ሰውዬው።

«ምኑ ነው ሌላው? ይኸው ሕይወቱ! ከነእናቱ ደጅህ መጣልህ። አንተ ደግሞ በር ትዘጋለህ።»

«አላባረርኳትም እኮ!»

ባለቤቴ ቀስ ብላ መነጽሯን አደረገች። «እርጉዝ ሠራተኛን ያለ ደመወዝ ማስቀመጥን ሕጉ ምን እንደሚለው ላንብብልዎት?»

«አንብቢለት ልጄ!» አለች እማዬ።

ልጄ! ከተጋባን ጀምሮ «ጠበቃዋ» ነበር የምትላት። ባለቤቴ ራሷ ደንግጣ የምታነበው ጠፋባት። ሰውዬው እኔን አየኝ፣ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ሚጢጢ ነገ ክፍሏ ገብታ ታስተምራለች።

ስንመለስ ማን ነው ያሸነፈው ብለው ተጨቃጨቁ፤ ስብከቱ ነው ወይስ አንቀጹ? ሰፈራችን ስንቃረብ እማዬ ክርክሩን ተወችው። «ሌሎቹም እንደሱ ከሆኑስ?» አለች በመስኮት እያየች። «እኔ ለማን ነው ስሰብክ የኖርኩት?»

ማክሰኞ፣ ጥር 13
በረቂቁ ላይ ሕዝባዊ ውይይቱ ዛሬ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁለቱንም ያደረስኩት እኔ፤ በአንድ መኪና መጥተው በተለያየ በር ገቡ።

እማዬ እምነቷን አልደበቀችም። ፅንስ ነፍስ አለው፣ ሕግ ይጠብቀው አለች። ከዚያ ወረቀቷን አጠፈች። «ግን ውለጂ ያልናት ልጅ ስትወልድ ጀርባችንን የምንሰጣት ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ አፋችንን እንዝጋ።» የራሷ ወገኖች አላጨበጨቡም። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን አጨበጨበች። ባለቤቴ! ሰብሳቢው ገሠጻት።

ባለቤቴም ውሳኔው የሴቷ ነው፣ ፖሊስ በማህፀን ጉዳይ አይገባም አለች። ሐኪሞች የሚያዩትን፣ ድሮ ሲከለከል የሞቱትን ተናገረች። አንዱ ከኋላ «ነፍሰ ገዳዮች!» ብሎ ሲጮህ ግን እማዬ ዞራ «አንተ! አፍህን!» አለችው። የሚጢጢን ስም ሁለቱም አላነሱም። የምክር ቤቱ ድምፅ አሰጣጥ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

እሁድ፣ ግንቦት 17
ሴት ናት! ድምፅ አላት፣ ወይ ድምፅ... የእማዬን ከነማጉያው። ሚጢጢ ደክሟታል፣ ደህና ናት። አጎት ሆንኩ። ስለ ሌላው ነገ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ከሥራ ስመለስ ደረጃው ጭር ብሏል። ደነገጥኩ። ምን ሆኑ? ሮጬ ገባሁ።

ሚጢጢ ሶፋው ላይ ተኝታለች። እማዬና ባለቤቴ የሕፃኗ አልጋ ላይ ግራና ቀኝ ጎንበስ ብለው... እየተከራከሩ ነው። በሹክሹክታ! ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅ ይሰጣል።

«ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ነፍስ ነበረች፣ እዪያት እስቲ» ትላለች እማዬ።

«አየኋት፣ እማማ። ጥያቄው ማን ይወስን ነው» ትላለች ባለቤቴ።

ሕፃኗ ነቅታ ጮኸች። ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። እማዬ የራሷን መለሰች።

«አንቺ ያዣት። አንቺ ጋ ቶሎ ትተኛለች።»

ባለቤቴ አቅፋ ወዲያ ወዲህ አለች። ልጅቷ ዝም አለች። እማዬ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት።

«የት ነበርን?»

«ማን ይወስን የሚለው ላይ።»

«እሺ ልጄ፣ ቀጥዪ። ግን ቀስ ብለሽ።»