ሰባት ቶን በዋልካ ውስጥ

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ዛሬም ዘነበ። ሦስተኛ ቀኑ። ምሳ የትናንቱ የጎመን ጥቅል። ባሌ ኦረስት ከምሳ በኋላ መኪናዋን ሊያጥብ ወጣ... በዝናብ! ጭቃው የት እንዳለ በዓይኑ ስለማያይ በመዳፉ እየዳበሰ ነው የሚያጥባት። በመስኮት ሳየው አንጀቴን በላኝ።

የዓይኑ መሃል ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ዳር ዳሩን ያያል፣ ፊት ለፊቱን አያይም። በማርች መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። እሱም ማስታወቂያ አወጣ፤ በሜይ 25 ባልና ሚስት ከካልጋሪ ሊያዩዋት ይመጣሉ። ሰባት ቶን ናት። አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ጀርባዋ ላይ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ... ስድስት ክረምት በገዛ እጁ የሠራው ቤት።

«እኔ ብነዳትስ?» አልኩት እራት ላይ።

ሳቀ። «አንቺ እኮ ስቴፋ፣ ወፍ ስታዪ ፍሬን የምትይዢ ሰው ነሽ።»

ውሸት አይደለም። ታዲያ ለምን ይሄን ያህል ተናደድኩ?

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ተስማማ! ከእርሻችን እስከ ወንዙ ዳር አሥራ አንድ ኪሎሜትር፣ በዝናብ፣ ደርሶ መልስ፣ ማንም ሳይጎትተኝ። ከቻልኩ ማስታወቂያው ይነሳል። ካልቻልኩ ትሸጣለች፣ እኔም አፌን እይዛለሁ። ክፉው ቦታ ኩሬው አጠገብ ያለው ዝቅታ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ጥቁር ዋልካ። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ።

ሱቁ ጋ ተሰብስበው ወሬ የሚሰልቁት ገበሬዎች ዘንድ ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል። ጎረቤታችን ዴልዊን ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ አሳየኝ። በየፀደዩ በትራክተሩ ከጭቃ የሚያወጣቸውን ሰዎች ስም የመጋዘኑ በር ላይ ይጽፋል። የቄሱም ስም አለ። «ስምሽ በስንት ፊደል ነው የሚጻፈው?» ይለኛል።

እሑድ፣ ሜይ 12

ስሜ በሩ ላይ ነው።

ከቅዳሴ መልስ ወጣን። ዝቅታው ውስጥ ገብቼ ግማሽ ያህሉን ሄጃለሁ። በጣም ጥሩ! ከዚያ ኋላዋ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ኦረስት ከጎኔ «ያዢው! ያዢው!» ብሎ ጮኸ... ለካ መሪውን ማለቱ ነው። እኔ ፍሬኑን ያዝኩ። በቃ፣ ቆመች።

ዋልካው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር እምቢ አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል በአካፋ ቆፈርኩ። እሱም በእጁ። በመጨረሻ ዴልዊን መጣ፣ ካቦ አሰረ፣ «ሞኝና ዋልካ የያዘውን አይለቅም» እያለ ጎተተን።

ኦረስት እራት አልበላም። አሳዘነኝ... ግን እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ደስ ብሎኛል። መቶ ሃምሳ ሜትር እኮ ነዳኋት! መሪው እጄ ውስጥ እንደ ዓሣ ሲፈራገጥ... ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ይሄ ስሜት እስከ ዛሬ የት ነበር?

ሰኞ፣ ሜይ 13

ወገቤ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ረቡዕ፣ ሜይ 15

አንድ ዕድል ብቻ ብዬ ለመንኩት። ዝም አለ። የእሱ ዝምታ እሺ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ዴልዊን ስቆ ስቆ ሲያበቃ መከረኝ። ጎማውን እስከ ግማሽ አስተንፍሺ። የታንኩን ውሃ ድፊው፣ ሦስት መቶ ኪሎ በከንቱ ነው የምትሸከሚው። በሁለተኛ ማርሽ ግቢ፣ እስክትወጪ አትቀይሪ። መሪውን አትታገዪው። ከሁሉም በላይ ባልሽን እቤት ተዪው።

የመጨረሻውን ለኦረስት እንዴት ብዬ ልንገረው? ሆድ ይፍጀው።

እሑድ፣ ሜይ 19

አለፍኩ!! ጽሕፈቴን ተመልከቱልኝ... ለማን ነው የምለው?

ሞተር ሳስነሳ ኦረስት ወደ ጋቢና አልመጣም። የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። «እኔ ከፊት ካለሁ ሹፌሩ ሁለት ነው» አለ።

ዝቅታው። ሁለተኛ ማርሽ። ገባሁ። ጭቃው መስታወቱን ሞላው፣ መጥረጊያው አልቻለም፣ መዳፍ በምታህል ቀዳዳ ነው የማየው። ኋላዋ ሄደ። ይሂድ! እግሬን ከነዳጁ አላነሳሁም። ሞተሩ ያጓራል፣ ጭቃው በጣሪያው ላይ ይበራል፣ ከኋላ ዕቃ ሲሰበር ይሰማኛል፣ እኔ ደግሞ እጮሃለሁ፣ ምን እያልኩ እንደነበር እንጃ... ከዚያ ጎማው ሣር ነካ። ደረቅ መሬት።

ሮጬ የኋላውን በር ከፈትኩ። የኮምጣጤ ኪያር ጠርሙስ አናቱ ላይ ተሰብሮበታል። እስከ ጫማው ርሷል፣ ትከሻው ላይ ኪያር ተጣብቋል።

«አለፍን?» አለ።

አለፍን።

«ስንመለስ ፈጠን በይ። አንድ ጠርሙስ ሳይሰበር ቀርቷል።»

ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ስንመለስም አለፍን።

ሰኞ፣ ሜይ 20

ለካልጋሪዎቹ ራሱ ደወለላቸው። እኔ ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። ይቅርታ ጠየቃቸው። ለምን እንደማይሸጣት ጠየቁት መሰለኝ።

«ሹፌር አግኝታለች» አላቸው።

አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ሰሜን ነን። ጫካ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር። ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ስድስት ኪሎሜትር ጭቃ። ግንድ ጫኝ መኪኖች አቡክተውታል። ግሩም ነበር!

ኦረስት አሁን ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። የማየውን እነግረዋለሁ። በግራ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ በቀኝ የወደቀ ዛፍ፣ አሁን ልንዘቀዘቅ ነው... እንዲህ እያልኩ።

ይሄ ሰውዬ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር እኔ መሪ ይዤ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ድረስ አራት ደቂቃ ስነዳ እንኳ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ እጁ በሩን ይጨብጣል።

ዛሬ አንዱ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ በጎኗ ስትሄድ «ይህቺስ እንዴት ናት?» አልኩት። አልመለሰም። ዞር ብዬ አየሁት። አንገቱን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል።

ልቀስቅሰው አልኩና ተውኩት።