ማርሊስ መሆኔን ላላመኑት የግብር መቀበያ ማሽን

ለተከበሩት የግብር ማሳወቂያ በኮምፒውተር ለሚቀበሉት ማሽን፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? መብራት አይጥፋብዎ፣ ሽቦዎንም አይጥ አይድፈርብዎ እያልኩ፣ እኔ በአሜሪካ የዱሉት ከተማ ነዋሪዋ ማርሊስ ሃልቨርሰን ከበረዶውና ከእርስዎ በስተቀር ደህና መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።

በአደባባይ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ከረጅም ትዳር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ብቻ ግብሬን ላሳውቅ ብነሳ፣ አንቺነትሽን እንዳምን ያለፈውን ዓመት የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢሽን፣ ተቀናሹ ተነስቶ የቀረውን፣ ንገሪኝ አሉኝ። ለሌላው ሰው ይህ ተራ ቁጥር ነው። ለእኔ ግን ያለ ዱዌይን፣ ማለትም ያለ ቀድሞ ባሌ፣ አንድ ነገር ፈርሜ መጨረስ እንደምችል የማረጋግጥበት ነበር። ዳግመኛ ላልደውልለትም በእናቴ አጥንት ምዬ ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ቅጽ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ እንደሚገኝ ስለጠቆሙኝ አመሰግናለሁ። ቅጹ ያለው ዱዌይን ቤት፣ የዓሣ ማጥመጃ ሣጥኑ ውስጥ ነው።

፪ኛ. ግልባጩን በፖስታ ይላኩልኝ ብዬ ብለምንዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደሚያውቁት አድራሻ ልከውታል። ወደ ዱዌይን ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ!

፫ኛ. ማንነቴን በስልኬ ካሜራ ላረጋግጥ ስል ደግሞ የመንጃ ፈቃዴን ፎቶ አትመስዪም አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ያቺኛዋ ፀጉሯ ረጅም ነበር፣ ባልም ነበራት።

፬ኛ. ዳኛው ታንኳውን፣ ማንኪያውን፣ ውሻዋን ሳይቀር በየሳምንቱ ተራ ለሁለት ስላካፈሉን፣ ከፍቺው ፋይል ያገኘሁትን የጋራ ገቢያችንንም እኩል ከፍዬ ግማሹን ላክሁልዎ። መለሱት። ያን ጊዜ መሐላዬን አፍርሼ ደወልኩ።

«እንዴ ማርሊስ! ናፍቄሽ ነው ወይስ ቧንቧ ፈነዳብሽ?» አለኝ እያኘከ። ጉዳዬን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «የምን ግማሽ! ሙሉውን ነዋ! ወረቀቱ ላይ እኮ ገና አንድ ነን፣ የኔ እመቤት።» የኔ እመቤት አለኝ! ደሜ ፈላ። ቅጹን ከሣጥኑ አውጥቶ አነበበልኝ፤ ሙሉውን ላክሁ። እርስዎ እሱንም መለሱት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ ከፍቺ በኋላም ይሠራል።

፭ኛ. ከሁሉ አብልጬ የማመሰግንዎ፣ እውነቱን ከመመሪያዎ መጨረሻ፣ ጉንዳን ብቻ በሚያነበው ጽሑፍ ስላስቀመጡልኝ ነው። ያለፈው ዓመት ማሳወቂያ ዘግይቶ ከተስተናገደ ዜሮ ይሙሉ ይላል። እኛም ማን ይፈርም፣ ማን ፖስታ ቤት ይሂድ ስንባባል በሚያዝያ መድረስ የነበረበትን ወረቀት የላክነው ቅጠል ከረገፈ በኋላ ነበር። ዜሮ ሞላሁ። ወዲያው ተቀበሉኝ። ጠበቃዬም፣ ቄሴም፣ እህቴም ስለዚያ ትዳር ብዙ ብለውኛል፤ እንደ እርስዎ ባጭሩ የነገረኝ ግን የለም። አላፍርም፣ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። በራሴ ስም ነዋ!

ጥርጣሬዎ ሳይጎድል፣ ትዕግሥቴም ሳያልቅ ለከርሞ በሰላም ያገናኘን እያልኩ፣ ራሷ መሆኗን በባዶ ያስመሰከረችው ታዛዥ ግብር ከፋይዎ፣

ማርሊስ ሃልቨርሰን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳሽግ ዱዌይን ደወለ። ለካ እሱም በራሱ ስም ሲያሳውቅ ያንኑ ሙሉውን ቁጥር ሞልቶ መልሰውበታል። «ማርሊስዬ፣ ማሽኑ ያንቺን ተቀበለልሽ? ምን ብለሽ ሞላሽ?» አለኝ፣ ድምፁ ማር ሆኖ። እኔም «ሙሉውን ነዋ፣ የኔ ጌታ! ወረቀቱ ላይ እኮ ገና አንድ ነን፤ ደጋግመህ ሞክር» አልኩት። አደራዎን፣ ሲመጣ ለእኔ ባሳዩት ክብር ይመልሱልኝ።