እኔ የመረጥኩት ልብስ፣ እርስዎ የመረጡልኝ ሶፋ

ለተከበሩ አቶ ሁዜይፋ፣ ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔና ባለቤቴ ይርገዱ፣ ከወገብ ሕመም በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ስድስተኛ ክፍል ሳስተምርዎ «አንተ» እልዎ ነበር፤ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ግን «እርስዎ» ማለት ግድ ሆኖብኛል። የማያውቁትን ሰው አንተ ማለት ነውር ነውና።

በጡረታ መሸኛዬ ዕለት፣ መምህራኑ ከደመወዛቸው ባዋጡት ተገዛ የተባለውን ሶፋ ሲያስረክቡኝ፣ «ጋሼ፣ ቆሞ የኖረ እግርዎ ከእንግዲህ በአዲስ ሶፋ ይረፍ» ብለው በሰው ፊት አስለቅሰውኛል። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. የሶፋውን ልብስ እኔው እንድመርጥ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ፣ ጨርቁን ውኃ ነክሬ ቀለም እንደማይለቅ፣ ለፀሐይ ይዤ ውስጥ እንደማያሳይ አረጋግጬ፣ ከይርገዱ መጋረጃ ጋር የሚሄደውን አመድማ መረጥኩ። ውስጥ የማያሳይ በመምረጤ ምን ያህል እንዳገዝኩዎ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

2ኛ. ቅዳሜ ይርገዱ ልታጥበው ልብሱን ብትገፈው፣ ከሥሩ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ አሮጌ ሶፋ ወጣ። አልተሳሳትኩም፤ ግራ ክንዱ ሲቀደድ በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። በዕረፍት ሰዓት ስሸሸው የኖርኩት የሽቦ ሞላም ከቦታው አልተነቃነቀም። ከላይ የደረቡበት ስፖንጅ ሲሳሳ ይወጋኝ የነበረውን የዕድሜ ሕመም ነው ብዬ ቅባት ስቀባ ከርሜያለሁ። አሮጌው ይናፍቃቸዋል ብለው አስበው ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. መዋጮው የት እንደገባ ያዋጡት ይጠይቁ። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። በማግስቱ መምህርት ፈርሂያ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ ሶፋው ተመቸዎ?» አለችኝ። የእርስዎን ገመና ለማውጣት አፍሬ «በጣም» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። ልጆችን አትዋሹ ስል ኖሬ በስተርጅና ለእርስዎ ብዬ ዋሸሁ፤ አመድማው ጨርቅ ሲገፈፍ እኔ በተራዬ ልብስ ሆንኩልዎ ማለት ነው። ያን ልብስ ለማውለቅ ነው ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት። ፈርሂያ ልጄ፣ አልተመቸኝም፤ ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ።

ሶፋውን ሰኞ ጠዋት በጋሪ ወደ ማረፊያ ክፍሉ እመልሰዋለሁ፤ ያዋጡት ሁሉ እንዲያዩት ራቁቱን ይመጣል። ልብሱን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ የመረጥኩት እሱን ብቻ ነውና።

ብዙ ካስተማርኩት፣ የበለጠ ካመንኩት ተማሪዬ ይህን የተማርኩ፣ አሁን በርጩማ ላይ ቀለል ባለው ወገብ ተቀምጬ የጻፍኩልዎ፣

የቀድሞ አስተማሪዎ
ውበቱ አምላኩ

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኔ ጡረታ የሚወጡት መምህርት ሰብሌ ናቸው። ጨርቅ እንዲመርጡ ቢጋብዟቸው እሺ ይላሉ፤ አስቀድመው ግን ሶፋው ከሱቅ ሲወጣ ልብስ ሳይለብስ ያዩታል። እኔም ከሥሩ ምልክት ልሰፋበት አብሬያቸው እመጣለሁ። አረንጓዴው ክር ገና አላለቀም።