ለአንድ ጥይት ሁለት ፍርድ ለሚሹት ዐቃቤ ሕግ

ለተከበሩ ዶክተር ሄርቪግ ኦበርላይትነር፣ የአውራጃችን ዐቃቤ ሕግ፦

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ እንደ ወትሮውም በሥራ ተጠምደው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በሸለቆአችን ሌላ ወንጀል ጠፍቶ የተፈረደበትን ሰው እንደገና ለመክሰስ ጊዜ በማግኘትዎ ኮርተናል።

ባለቤቴ ኡርባን ኦግሪስ ጥፋተኛ ነው፤ አልካደም። አደን በተዘጋበት ወቅት ከእኛ ከኦስትሪያ በኩል ቆሞ አንዲት የተራራ ፍየል መታ፤ እሷም እየደማች ሸንተረሩን ተሻግራ ስሎቬንያ ውስጥ ወደቀች። ሌላ ሕገወጥ አዳኝ ቢሆን ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ኡርባን ግን አዳኝ የገደለውን እንስሳ የመጨረሻ ጉርሻ ሳያጎርስ አይሄድም ተብሎ ያደገ ሰው ነውና ድንበሩን ተሻግሮ፣ የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በአፏ አደረገላትና ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ጎራዝድ የተባለው የስሎቬንያ ደን ጠባቂ የደረሰው ያኔ ነው። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አንተ ሰው፣ ምናለ ቀጥ ብለህ ቤትህ ብትገባ? በል፣ ጠመንጃውን ወዲህ አምጣ።»

የስሎቬንያ ፍርድ ቤት አምስት ወር እስራት በገደብ ፈረደበት፤ ጠመንጃውንም ወረሰ። አለቀ ብለን ነበር። እርስዎ ግን በዚያችው ፍየል እዚህ ከስሰው ወኅኒ ይግባልኝ ብለዋልና፣ ሐሙስ ችሎት ሳንቀርብ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ተኩሱ የእኛ፣ ሞቱ የእነሱ፣ ስለዚህ ድርጊቱ ሁለት ነው ብለው ጽፈዋል። ፍየሏ ይህን ሳታውቅ በአንድ ጥይት በመሞቷ ይቅርታ እንዲያደርጉላት እለምናለሁ።

ሁለተኛ፦ ጠበቃችን እንዳስረዳን፣ የአውሮፓ አገሮች በተፈራረሙት ውል መሠረት በአንዱ አገር ተፈርዶበት ቅጣቱን እየፈጸመ ያለ ሰው በዚያው ድርጊት በሌላው አይከሰስም። አገራችን በራሷ መሬት ለተፈጸመ ድርጊት ደግማ ለመክሰስ ያስቀረችው ቀዳዳ አለ፤ ድርጊቱ በከፊል በፈረደው አገር መሬት ላይ ከተፈጸመ ግን ቀዳዳው ይዘጋል። ፍየሏ የት እንደወደቀች ደግሞ ጎራዝድ መስክሯል።

ሦስተኛ፦ አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም ብለዋል። በገደብ የተጣለ ቅጣትም እየተፈጸመ ያለ ቅጣት ነው። ካላመኑ መጥተው ከእኛ ጋር ይክረሙ፤ ኡርባን አውቶቡስ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሳይመጣ ቲኬቱን በእጁ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

የጎረቤቶቻችን ፍርድ ፍርድ አለመሆኑን ስላሳወቁን ደግሞ እጅግ አመሰግናለሁ። የድንበሩ ኬላ ከተነሣ ወዲህ እነሱም እንደ እኛ ሰዎች መስለውን ነበር።

ክሱን ለማንሣት እስከ ሐሙስ ጊዜ እንዳለዎት በታላቅ አክብሮት እያስታወስኩ፣

ቫልትራውድ ኦግሪስ፣
አንድ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ምናልባት ብሎ የወኅኒ ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። እኔ ሕጉን አምኜ ልብሱን አውጥቼ ወደ ቁም ሣጥኑ መልሼዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ፣ መልሰው የሚሸክፉለት እርስዎ ይሁኑ፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መሥራት የማይሰለቸው ሰው ሌላ አላውቅም።