የዋጋ ሰባሪው እናት

ቦካ ቴኮሎቴ፣ ኦሃካ
ፌብሩዋሪ 19

ለምወድሽ ልጄ ለሴናይዳ፣

የወንድምሽ ሞት የተነገረኝ ቀን ነፋሱ ቆሞ ነበር። ከሰሜን ሲነፍስ ሰንብቶ የዳሳችንን የዘንባባ ክዳን ስለገነጠለው፣ ወንበር ላይ ቆሜ በገመድ እያሰርኩ ነበር። ዶን አቡንዲዮ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በባሕሩ ዳር ሲመጣ አየሁት። ያ ሰው ቤተ ክርስቲያን ካልገባ በቀር ባርኔጣውን እንደማያወልቅ ታውቂያለሽ።

"አበልጄ፣ ውረጂ" አለኝ። "እዚያ ላይ ቆመሽ አልነግርሽም።"

ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆች ሌኦባርዶን ከትልልቆቹ ድንጋዮች ማዶ አግኝተውት ነበር። ጀልባዋ ተገልብጣ አጠገቡ ትንሳፈፍ ነበር።

ይህን በስልክ ነግሬሻለሁ። አሁን የምጽፍልሽ በድምፄ ለመናገር ያፈርኩትን ነው። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ከሐሙስ ጀምሮ እየጻፍኩ ነው፤ ስህተት ብታገኚ እለፊው።

አንቺ ወደ ሞንቴሬይ ከሄድሽ ወዲህ እንግዳ ቀርቷል። ከወደ ሰሜን ባለው ወደብ ተኩስ ተሰማ የሚል ዜና በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ አውቶቡሱ ባዶውን ይመጣ ጀመር። ሁሉም በየፊናው ዋጋውን አበጀ። ሆቴሉ የአልጋውን ዋጋ በግማሽ ቀነሰ። ቢራ የምትሸጠው ኦቲሊያ ደግሞ ጨመረች። "የመጣው ሰው ላልመጣውም ይክፈል!" ብላ አሳቀችን። እኛ በየዳሳችን ለእንግዳ ዓሣ የምንጠብስ ሴቶች ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያለውን ዋጋ ሳንነካ ዓሣውን አሳነስነው። አንድ የጓዳላሃራ ሰው ሳህኑን አየና "እማማ፣ ይሄን ከእናቱ ጉያ ነው የነጠቃችሁት?" አለኝ። ሳቅሁለት፤ ፊቴ ግን ጋለ።

ባለጀልባዎቹ በማኅበራቸው ተሰበሰቡ። ዔሊዎቹን ለማየት የሚወጣ ሰው አራት መቶ ፔሶ ይከፍላል፣ ከዚያ የሚያወርድ ባለጀልባ ተራው ይነጠቃል ብለው እጅ አወጡ። ዶን አቡንዲዮ ሊቀመንበር ነውና "አንዴ ካወረድነው ማን መልሶ ይሰቅለዋል?" አላቸው። ወንድምሽም እጁን አውጥቶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሌኦባርዶ ማለዳ ማለዳ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሄድ ጀመር። ከሚወርዱት ሰዎች ጋር በሁለት መቶ ተስማምቶ፣ ተራ ወደሚያዝበት አሸዋ ሳያመጣቸው፣ ከድንጋዮቹ ጀርባ ያሳፍራቸው ነበር። ተደረሰበት። ስብሰባ ላይ አቁመው "አንተ ዋጋ ሰባሪ!" አሉት።

"ዋጋውማ ድሮ ተሰብሯል" አላቸው። "እናንተ ስባሪውን አቅፋችሁ ተቀምጣችኋል።"

አመሉን ታውቂዋለሽ፤ ዝም ቢል ኖሮ ይምሩት ነበር። አንድ ወር ተራውን ነጠቁት። በዚያ ነፋስ ዓሣ ፍለጋ ወደ ጥልቁ የወጣው ለዚህ ነው።

ለቀብሩ ሰው መጥቷል። ለቀብር ሁሉም ይመጣል። ከቀብሩ በኋላ ቤት ውስጥ ለሚደረገው የዘጠኝ ምሽት ጸሎት ግን ሌላ ሆነ። በመጀመሪያው ምሽት ጸሎት የምትመራው ዶኛ ኤውፍሮሲና መቁጠሪያዋን ይዛ መጣች። ወለሉ ላይ በኖራ መስቀሉን ሠራን፣ ዙሪያውን አበባ አደረግንበት። ወንበር ተውሼ ደረደርኩ፣ በትልቁ ድስት ቸኮሌት አፈላሁ። ማንም አልመጣም። እሷ ትላለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ሁለት አሮጊቶች እንደዚያ ባዶ ወንበር መሃል ስንጸልይ፣ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይሰማኝ ነበር። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

"ሰዉ ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"ግማሹ ተቆጥቶ፣ ግማሹ አፍሮ" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ ያን ሁሉ ቸኮሌት ማን ሊጠጣልሽ ነው? እኔ እንደሆንኩ ስኳር አለብኝ።"

"መስቀሉንስ ማን ያነሳልኛል?"

"አንቺ አታነሺውም። የሥጋ ዘመድ አያነሳም። የክርስትና አባቱ እያለ ሌላ ሰው ቢያነሳው ደግሞ ነውር ነው።"

የክርስትና አባቱ ዶን አቡንዲዮ ነው። መስቀሉ በዘጠነኛው ምሽት ካልተነሳ ነፍሱ ከቤት አትወጣም፤ እዚያው ወለል ላይ ትቀራለች። ወንድምሽ ስንረግጠው ሊኖር ነው እያልኩ አሰብኩ።

ስለዚህ ሄድኩ። ዶን አቡንዲዮ ጀልባውን ቀለም እየቀባ ነበር። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

"አበልጄ፣ እኔ ሳልወደው ቀርቼ ነው?" አለኝ። "ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግን ዛሬ የዋጋ ሰባሪን መስቀል አንስቼ፣ ነገ ሌላውን በምን አፌ ተራ እነጥቃለሁ?"

"እሺ፣ ምን ላድርግልህ?"

"ለሰዎቹ አንድ ቃል ተናገሪልኝ። አጥፍቷል በያቸው። ሌላ አልጠይቅሽም።"

በማግስቱ ጠዋት ባለጀልባዎቹ ተራ ወደሚይዙበት ሄጄ፣ በጥቁር ልብሴ ፊታቸው ቆምኩ። "ልጄ አጥፍቷል፣ ይቅር በሉት" አልኳቸው። እዚያ ላይ ብተወው በቂ ነበር። ግን አንዱ ከኋላ፣ "እርስዎስ ዶኛ ኤርሊንዳ፣ አያውቁም ነበር?" አለኝ።

"በልጆቼ ስም፣ አላውቅም ነበር" አልኩ።

በአንቺም ስም ምያለሁ ማለት ነው፣ ሴናይዳ።

በዚያው ምሽት ቤቱ ሞላ። ሻማና ስኳር ይዘው መጡ፣ ውጭ ድረስ ቆመው ጸለዩ። ኦቲሊያ እንኳን ከሁሉ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቀበል ነበር። በዘጠነኛው ምሽት ዶን አቡንዲዮ ተንበርክኮ መስቀሉን ከራስጌው ጀምሮ አነሳው። ኖራውን በመዳፉ እያፈሰ በሣጥን ሲያደርግ እያለቀሰ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። የተቀመጥኩት ልጄን ሸጬ በገዛሁት ጸሎት መሃል ነበርና ዓይኔን ከወለሉ ማንሳት አቃተኝ።

ከጸሎቱ በኋላ ቸኮሌት ስቀዳ አንድ ባለጀልባ ለጎረቤቱ "ከሰኞ ጀምሮ ሁለት መቶ ነው እኮ፣ ማኅበሩ ወስኗል" ሲለው ሰማሁ። እንደሰማሁ ሲያውቅ ደነገጠ።

"ምን እናድርግ ዶኛ ኤርሊንዳ፣ እንግዳ የሚመጣበት የሕማማቱ ሳምንት እየደረሰ ነው" አለኝ። "በአራት መቶ ማን ይወጣል?"

"እውነትህን ነው" ብዬ ኩባያውን ሞላሁለት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ወንድምሽ በሁለት መቶ በሚያሳፍርባቸው በእነዚያ ሳምንታት የሌሎቹ ዳስ ባዶ ሲውል የእኔ ጠረጴዛዎች ሰው ነበራቸው። ከባሕር የሚመለሱት እንግዶች እግራቸው ሳይደርቅ፣ የማንንም ሰሌዳ ሳያዩ፣ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። "ማን ላካችሁ?" ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ሌኦባርዶ ማታ ሲመጣ "ዛሬስ ገበያ እንዴት ነበር፣ እናቴ?" ይለኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አንቺ አይዞሽ፣ ልጄ። ፋብሪካው ፈቃድ ስላልሰጠሽ ከቀብሩ ቀረሁ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። በደንብ ብዪ፣ ወደ ሥራ ስትሄጂ አንገትሽን ሸፍኚ፣ የዚያ አገር ብርድ ክፉ ነው ይላሉ። የጓዳሉፔዋ እመቤታችን በመግባትሽና በመውጣትሽ ትጠብቅሽ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እዚህ የተጸለየለት ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። አብረውሽ ለሚኖሩት ሴቶች ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው፤ የእኔን ነገር መዝለል ከፈለግሽ ዝለዪው። ስሙ ሌኦባርዶ እንደነበረ፣ ባሕር እንደወሰደው፣ እናቱን የሚወድ ልጅ እንደነበረ ንገሪያቸው። አብራችሁ ጸልዩለት። ይቅርታ ግን አትለምኑለት፣ እሱን እኔ ለምኜበታለሁ። ዕረፍት ብቻ ለምኑለት።

እናትሽ
ኤርሊንዳ