ለማዮኔዝ ሌባ የሚሰጥ ትራንስፖርት

ሰኞ
በማዮኔዝ ተያዝኩ! እንደ ጥርስ ሳሙና የምትጨመቅ አንዲት ቱቦ፣ እጅጌዬ ውስጥ፣ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ሰፈራችን ሞርተንሩድ ሱቅ። ልበላት አይደለም፤ የጓደኛዬ የዮናስ ጫማ ውስጥ ልጨምቃት ነበር። ይህን ሳስረዳት ፖሊሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ከዚያ ለአባዬ ደወለች፦ «ዓርብ ከልጅህ ጋር ና፣ ትንሽ እናወራለን።» በቃ፣ ወሬ። አባዬ ግን ራቱን አልበላም።

ማክሰኞ
የታሪክ ክፍለ ጊዜ። እንግሊዞች ድሮ መሐረብ የሰረቀውን ሁሉ በመርከብ ጭነው አውስትራሊያ ይጥሉት ነበር አለ አስተማሪው። የቅጣቱ ስም? ትራንስፖርት! ለዮናስ በአማርኛ ሹክ አልኩት፦ «እኔ አባዬን የትራንስፖርት ስጠኝ እያልኩ ስለማመጥ እውላለሁ፣ እነዚህ ሰርቀው በነፃ!» ከወንበሩ ሊወድቅ። «ቅጣታቸውን ጨርሰውም መመለሻ የሚከፍልላቸው አልነበረም፤ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ» ሲል አስተማሪው፣ እኛ ገና እየሳቅን ነበር።

ረቡዕ
አባዬ ከሥራ መጣና «ክረምቱን ደብረ ብርሃን አጎትህ ጋ ትሄዳለህ» አለኝ። የእማዬ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ አሥር አለቃ። ዶሮዎቹ እንኳ ተሰልፈው ነው አሉ የሚበሉት።
«ደርሶ መልስ ነው አይደል?» አልኩ እየሳቅኩ።
«መመለሻህን ሰው ስትሆን እንቆርጥልሃለን።»
እማዬ ሳህን ማጠቧን አቆመች። ማንም አልሳቀም። እኔም።

ሐሙስ
ፓስፖርቴ መሳቢያው ውስጥ የለም። አባዬ ደብቆታል፤ ተጣላን። «ሴትዮዋ እኮ ልታወራን ብቻ ነው!» ስለው፣ «ፖሊስ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው ጋር የሚያወራው?» አለኝ። ታላቅ ወንድሙን አዲስ አበባ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ነው የወሰዱት። መጣሁ ብሎ ጃኬቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ። በዚያው ቀረ።
«ያ የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ባርነቨርን፣ ልጄን ከሚነጥቀኝ እኔው ልስደድህ። ቢያንስ የት እንዳለህ አውቃለሁ።»
እኔን! ለማዮኔዝ እኮ ነው።

ዓርብ
አባዬ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ በፌስታል የጥርስ ብሩሼንና ወፍራም ካልሲ ይዞልኝ መጣ። ሊያስሩኝ መስሎት። ፖሊሷ ብስኩት አቀረበች። አባዬ አልነካም፤ የሱንም እኔ በላሁለት። «ለእረፍት የምትሄዱበት አለ?» ብላ ጠየቀች። አባዬ ፌስታሉን ጨመቀው። ልጅን በግድ አገር ቤት መስደድ እዚህ ያስጠይቃል፤ አንዲት ቃል ብተነፍስ ጉዱ የሱ ነው። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘኝ። «ኔይ፣ የትም አንሄድም፣ እዚሁ ነን» አልኩ።
ባቡሩ ውስጥ አባዬ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠየቀኝ።
«ለምን አልነገርካትም?»
«አንተ እኔን ደብረ ብርሃን ትልከኛለህ፤ እኔ አንተን የት ልላክህ?»
ሊስቅ ነበር መሰለኝ። ብሪን ጣቢያ ስንደርስ ለጽዳት ሥራው ወረደ። በሩ ሊዘጋ ሲል ዞር ብሎ «ለአጎትህ እስቲ እደውልለታለሁ» አለ።
እስቲ። ምን ሊለው እንደሆነ አልነገረኝም።